ማት ቦርድ ላይ ጽሁፍና ምስል በቀጥታ ማተም፦ ከፋይሉ እስከ ፍሬሙ

ፎቶ ፍሬም ውስጥ ሲገባ ዙሪያውን የሚቀመጥ ወፍራም ካርቶን አለ። መሃሉ በመስኮት መልክ ተቆርጦ ፎቶው በዚያ በኩል ይታያል። ማት ቦርድ የሚባለው እሱ ነው። አብዛኛው ሰው ባዶውን ይተወዋል። እኔ ግን ያ ባዶ ቦታ ያሳሳኛል። የሙሽሮቹ ስምና የሰርጋቸው ቀን፣ የተመራቂዋ ስምና የተማረችው ትምህርት፣ የሕፃኑ የክርስትና ቀን፣ ከአያት ፎቶ ስር ሁለት መስመር ምርቃት፣ ወይም ዙሪያውን የሚዞር ቀጭን ጥለት፤ ይሄ ሁሉ በቀጥታ ቦርዱ ላይ ሊታተም ይችላል።

ስቲከር አሳትሞ መለጠፍ አይሻልም ወይ የሚል አይጠፋም። አይሻልም። የስቲከር ጠርዙ ይታያል፣ መብራት ሲያርፍበት ያብረቀርቃል፣ ሲቆይ ደግሞ ጥጉ ይነሳል። ቦርዱ ላይ የታተመ ፊደል ግን አብሮ የተሰራ ነው የሚመስለው።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ ቦርዱ እርማት አይቀበልም። ላጲስ የለም፣ ፍቆ ማስተካከል የለም። ስለዚህ ስህተቱ ሁሉ ተራ ወረቀት ላይ ይለቅ፣ ቦርዱን የምንነካው መጨረሻ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ ይታተማል፣ ከዚያ መስኮቱ ይቆረጣል። ብዙ ሰው ቀድሞ ቆርጦ ነው ለማተም የሚመጣው። መስኮቱ ቀድሞ ከተቆረጠ የፕሪንተሩ ሴንሰር ቀዳዳውን የወረቀት ማለቂያ አድርጎ ሊያየው ይችላል፣ የቀዳዳው ጠርዝ ሄዱን (ቀለም የሚረጨውን የፕሪንተሩን ክፍል) ሊነካው ይችላል፣ ያ የሚያምረው ነጭ ሰያፍ ጠርዝም ቀለም ይረጭበታል።

ቦርዱን እወቁት

የተለመደው ባለ 4 ንብርብር ነው። ውፍረቱ ከ1.4 እስከ 1.5 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል። ባለ 8 ንብርብሩ ወደ 3 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ ሲቆረጥ ግሩም ነው፣ በጠረጴዛ ፕሪንተር ግን አይሞከርም። ሙሉው ሉህ በብዛት 81 በ102 ሴንቲሜትር ሆኖ ይመጣል።

ውፍረቱን በዓይን አትገምቱ። መለኪያ ከሌላችሁ ከቦርዱ 10 ትናንሽ ቁራጮች ደርድሩ፣ ቁመቱን በማስመሪያ ለኩ፣ ለ10 አካፍሉ። 15 ሚሊሜትር ከመጣ ባለ 1.5 ነው። ይህቺ ቁጥር በኋላ ሁለት ቦታ ታስፈልጋለች፣ ጻፏት።

ከምን እንደተሰራም ጠይቁ። ከተራ የእንጨት ፐልፕ የተሰራው ርካሽ ነው። ከዓመታት በኋላ ግን የተቆረጠው ጠርዝ ይቢጫል፣ አሲዱ ወደ ፎቶው ያልፋል። ከጥጥ የተሰራው፣ ራግ የሚባለው፣ ውድ ነው፣ ግን ቀለም ሲቀበልም ሲቆይም የሚያህለው የለም። መካከለኛ የሚሆነው አሲድ የሌለው የተጣራ ፐልፕ ነው። የአያትን ብቸኛ ፎቶ የምታስቀምጡ ከሆነ እዚህ ላይ አትቆጥቡ።

ከሁሉም በላይ የሚወስነው ገጹ ነው። ለስላሳና ማት የሆነ፣ ማለትም የማያብረቀርቅ፣ ገጽ ለማተም ይመቻል። ሱፍ የመሰለ ወይም የጨርቅ ገጽ ያለውን ለኢንክጄት፣ ማለትም ፈሳሽ ቀለም ለሚረጭ ፕሪንተር፣ አትሞክሩት። ጸጉሩ ሄዱ ላይ ይጣበቃል፣ ሄድ ደግሞ ከቦርድ በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ቁራጩ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አድርጉና ተመልከቱ። ቶሎ ከጠጣውና ዙሪያውን ከተስፋፋ ቀለሙም እንደዚያው ይስፋፋል ማለት ነው። ጠብታው ላዩ ላይ ክብ ሆኖ ከቆየ ደግሞ የኢንክጄት ቀለም ሳይደርቅ ይንሳፈፍበታል። የምንፈልገው መሃል ላይ ያለውን ነው።

የቦርዱ ቀለምስ? ተራ ኢንክጄት ነጭ ቀለም የለውም። ፋይላችሁ ላይ ነጭ የሆነው ሁሉ ሲታተም የቦርዱን ቀለም ይይዛል። ክሬም ቦርድ ላይ ሰማያዊ ስታትሙ ትንሽ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ስለዚህ ለኢንክጄት ነጭ፣ ክሬም ወይም በጣም ፈዛዛ ግራጫ ነው የሚያዋጣው። ጥቁር፣ ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ቦርድ ላይ መጻፍ ከፈለጋችሁ ወደ ዩቪ ወይም ወደ ስክሪን ህትመት ነው የምትሄዱት፣ ሁለቱንም ወደ ታች ታገኟቸዋላችሁ።

በምን እናትመው?

ሌዘር ፕሪንተርን ከሃሳባችሁ አውጡት። ወረቀቱን አጥፎ ነው የሚያሳልፈው፣ በሮለር ይጫናል፣ በከፍተኛ ሙቀት ይተኩሳል። ወፍራም ቦርድ ውስጡ ከተቀረቀረ ጥገና ቤት ነው የምትሄዱት።

ኢንክጄት ይቻላል፣ ግን ቦርዱን ሳያጥፍ ቀጥ አድርጎ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ፎቶ ቤቶች የሚጠቀሙባቸው እንደ ኤፕሰን ኤል 805 እና ኤል 1800 ያሉት ወረቀት ከኋላ እየጎረሱ አጥፈው የሚያወጡ ናቸው፣ ማት ቦርድ አይችሉም። ኤፕሰን ሹርከለር ፒ 700 እና ፒ 900 ግን ከፊት በኩል እስከ 1.5 ሚሊሜትር የሚደርስ ቦርድ ይቀበላሉ። የመጀመሪያው 33 ሴንቲሜትር፣ ሁለተኛው 43 ሴንቲሜትር ስፋት ድረስ ያትማል። ኤፕሰን ኢቲ 8550 ደግሞ እስከ 1.3 ድረስ ይችላል፣ ለእሱ ሳሳ ያለ ቦርድ ፈልጉ። መመሪያው ከሚፈቅደው ውፍረት በላይ በግድ አታስገቡ። የ0.2 ሚሊሜትር ልዩነት ሄድ ይቧጭራል።

ሦስተኛው መንገድ ዩቪ ፍላትቤድ ነው። ማሽኑ ቦርዱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ከላይ ያትማል፣ ቀለሙን በዩቪ መብራት እዚያው ያደርቀዋል። ውፍረት አያሳስበውም፣ ነጭ ቀለምም አለው። አዲስ አበባ ውስጥ አክሪሊክ፣ እንጨትና የሽልማት ሰሌዳ የሚያትሙ የማስታወቂያ ስራ ቤቶች ጋ ይገኛል። አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ብቻ ለምትሰሩ እውነቱን ለመናገር ይሄ ነው የሚያዋጣው። ለሁለት ስራ ብሎ ፕሪንተር የሚገዛ የለም።

ለብዙ ኮፒ፣ ለምሳሌ አንድ ትምህርት ቤት ለተመራቂዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ማት ሲያዝ፣ ስክሪን ፕሪንት፣ ማለትም ቀለምን በተወጠረ ጨርቅ አሳልፎ ማተም፣ የሚያህለው የለም። ለሁሉም ግን ፋይሉ ያው ነው። ረዥሙ ስራም እዚያ ነው ያለው።

ፋይሉ

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ፎቶው 20 በ30 ሴንቲሜትር የቆመ ፎቶ ነው እንበል። ፍሬሙ 30 በ40። መስኮቱ ከፎቶው ትንሽ ማነስ አለበት፣ አለበለዚያ ፎቶው በቀዳዳው ይወድቃል። በየጎኑ ግማሽ ሴንቲሜትር እንያዝለትና መስኮቱ 19 በ29 ይሁን። ግራና ቀኝ 5.5 ሴንቲሜትር ይተርፋል። ከላይና ከታች በድምሩ 11 አለን። እኩል አናካፍለው። ላይ 5፣ ታች 6 ስናደርገው ለዓይን ይረጋጋል፣ ለጽሁፍም ቦታ ይሰጠናል።

አሁን ፍሬሙ የሚሸፍነውን አትርሱ። የፍሬሙ ከንፈር በየጎኑ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ይበላል። ስለዚህ ከታች የሚታየው 6 ሳይሆን 5.5 ነው። ጽሁፍ መሃል ላይ አልሆነም ብለው የሚያማርሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው ይቺ ናት፣ ካርቶኑ ላይ ለክተው ፍሬም ውስጥ ሲገባ ይዛነፋል። የጽሁፉን መሃል ከመስኮቱ ጠርዝ 2.5 ሴንቲሜትር ዝቅ አድርጉት። ከሚታየው ቦታ ትክክለኛ መሃል ትንሽ ከፍ ማለት ነው፣ ሲታይ የሚያምረው እሱ ነው።

ገጹን በኮምፒውተር ላይ ልክ 30 በ40 ሴንቲሜትር አድርጋችሁ ክፈቱ። ኮረል ድሮው፣ ኢለስትሬተር፣ ወይም ነፃውን ኢንክስኬፕ መጠቀም ትችላላችሁ። ጽሁፍን በፎቶሾፕ አትስሩ፣ ፊደሉ ጠርዙ ላይ ይደበዝዛል። ምስል ካለ በመጨረሻ መጠኑ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን። ሙሉውን ገጽ የሚሸፍን ምስል ከሆነ 3543 በ4724 ፒክስል ማለት ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ ስለሚደርስ አይሆንም፣ እንደ ፋይል አስልኩት።

ቀጥሎ አራቱ መስቀሎች። ይሄ የዚህ ስራ ቁልፍ ነው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ማት ቦርድ በ45 ዲግሪ ሰያፍ የሚቆረጠው ከጀርባው ነው። የታተመው ፊት ወደ ታች ሲዞር መስኮቱ የት እንደሆነ አይታይም። ከቦርዱ ጠርዝ ለክቶ ማስመር ይቻላል፣ ነገር ግን ህትመቱ ራሱ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ሸርተት ብሎ ከታተመ መስኮቱና ጽሁፉ አይገጥሙም። መፍትሄው በመርፌ መብሳት ነው። ሰያፉ ከፊት ወደ ፎቶው እየወረደ ስለሚታይ የፊቱ ቀዳዳ ከጀርባው ቀዳዳ በየጎኑ የቦርዱን ውፍረት ያህል ይሰፋል። ስለዚህ ፋይሉ ላይ ከመስኮቱ አራት ጥጎች በሁለቱም አቅጣጫ 1.5 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገብታችሁ ትንሽ ቀጭን የመስቀል ምልክት አድርጉ። ቦርዳችሁ 1.4 ከሆነ 1.4። ከታተመ በኋላ መስቀሎቹን መሃል ለመሃል በመርፌ ቀጥ አድርጋችሁ ትበሳላችሁ። ጀርባው ላይ የሚወጡት አራት ነጥቦች መቁረጫው የሚገባባቸው ጥጎች ናቸው። መስቀሎቹ ያሉት ተቆርጦ በሚወጣው ቁራጭ ላይ ስለሆነ አብረው ይሄዳሉ፣ ፊቱ ላይ አንድም ምልክት አይቀርም።

ጥለት ወይም መስመር ዙሪያውን ማዞር የምትፈልጉ፣ ለመስኮቱ አታስጠጉት። መስመሩ ከመስኮቱ 3 ሚሊሜትር ላይ ከሆነ የአንድ ሚሊሜትር ዝንፈት በአንድ በኩል 2፣ በሌላ በኩል 4 ሆኖ ይታያል፤ ሕፃን ልጅም ይለየዋል። 15 ሚሊሜትር ካራቃችሁት ግን 14 እና 16ን ማንም አይለይም። የሀበሻ ቀሚስ ጥለት ስታስገቡ ደግሞ አራቱ ጥጎች ላይ ሐረጉ እንዴት እንደሚታጠፍ አስቡበት። ጥግ ላይ የተቆረጠ ጥለት ከሩቅ ያስታውቃል። ጥጉን ብቻውን ሳሉት፣ ከዚያ ጎኖቹን በእሱ ልክ ሙሉት።

ፊደላችን የሚፈልገው ጥንቃቄ

የአማርኛ ፊደል ቦርድ ላይ ሲታተም የራሱ ጣጣ አለው። ማት ቦርድ ቀለም ይጠጣል፣ መስመሩ ትንሽ ይወፍራል። ትናንሽ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። የኃምስ ፊደሎችን ቀለበት ተመልከቱ። ቤተልሔም የሚለውን ስም በትንሽ ፊደል ስታትሙ የቤ ቀለበት ከተደፈነች ቢ ትሆናለች፣ የሔም ሒ ትሆናለች። ሙሽራዋ በገዛ ፍሬሟ ላይ ቢተልሒም ሆና ትወጣለች። ስለዚህ በኢንክጄት የፊደሉ መጠን ከ14 ነጥብ በታች አይውረድ። ለስም 24 ነጥብና ከዚያ በላይ፣ ለቀን 16 ወይም 18 ጥሩ ነው። በዩቪ እስከ 10 መውረድ ይቻላል። በጣም የወፈረ ፎንት ቀዳዳው ይደፈናል፣ በጣም የቀጠነ ደግሞ መስመሩ ይበጣጠሳል፣ በተለይ የግዕዝ ቁጥሮች ከላይና ከታች ያላቸው ሰረዝ። ናይላ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል መካከለኛ ስለሆኑ ይመቻሉ። ጥቁር ጀርባ ላይ ነጭ ሆኖ የሚቀር ጽሁፍ ከሆነ አንድ ደረጃ አወፍሩት፣ ቀለሙ ከዙሪያው እየገባ ያቀጥነዋልና።

ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዡዋል ግዕዝ የምትጠቀሙ ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ። በዩኒኮድ ያልተሰሩት የድሮ ፎንቶች ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከሌሉ ጽሁፋችሁ የማይነበብ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይከፈታል። በዩኒኮድ የጻፋችሁም ብትሆኑ ፎንቱ ሊቀየርባችሁ ይችላል። ስለዚህ ፋይሉን ከመስጠታችሁ በፊት ጽሁፉን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ፣ ቀይሩት። ኮረል ላይ ኮንትሮል እና ኪው፣ ኢለስትሬተር ላይ ሺፍት፣ ኮንትሮል እና ኦ፣ ኢንክስኬፕ ላይ ሺፍት፣ ኮንትሮል እና ሲ ነው። ከዚያ በኋላ ጽሁፉ ስለማይታረም ያልተቀየረውን ኮፒ ለብቻ አስቀምጡ።

የስም አጻጻፍ የባለቤቱ ነው። ኃይለ ወይስ ሀይለ፣ ፀሐይ ወይስ ጸሐይ፣ ሠናይት ወይስ ሰናይት? እኛ ልክ ነው የምንለውን ሳይሆን ቤተሰቡ የሚጽፈውን ነው የምናትመው። ቀኑንም እንደዚሁ። ውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ ሁለቱንም አቆጣጠር ይፈልጋሉ፣ ለምሳሌ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሆነ ከስሩ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2025 ይገባል። የዓመቱ ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። ሁለቱ ቀኖች በሳምንቱ አንድ ዕለት ላይ መዋላቸውን በካሌንደር አረጋግጡ። ይሄኛው እሁድ ነው፣ በሁለቱም።

ወረቀት ላይ ሞክሩት

ፋይሉን በተራ ወረቀት በሙሉ መጠኑ አትሙት። ኤ3 ካልበቃ ሁለት ወረቀት ቀጥሉ። መስኮቱን በመቀስ ቁረጡ፣ ፎቶውን ከኋላ አድርጉ፣ ፍሬሙን ከላይ አስቀምጡና ግድግዳው ላይ አቁሙት። ከሁለት ሜትር ርቃችሁ እዩት። ስክሪን ላይ ልክ የመሰለው ጽሁፍ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ገዝፎ ይታያል። ጽሁፉ ፎቶውን መሻማት የለበትም፣ መጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው ፊት ላይ ይሁን። ለሰው የምትሰሩ ከሆነ ይህንኑ ፎቶ አንስታችሁ ላኩና «ስሙና ቀኑ ልክ ነው» የሚል መልስ በጽሁፍ ተቀበሉ። በስልክ የተባለ እሺ ሲካካድ አይቻለሁ።

ቦርዱን ማሰናዳት

በስለታም ምላጭ በልኩ ቁረጡት። ደንዞ የሚቆርጥ ምላጭ ጠርዙ ላይ የወረቀት ጸጉር ይተዋል፣ ያ ጸጉር ነው ሄድ የሚነካው። ለኢንክጄት ከሆነ መጀመሪያ የሚገባውን ጠርዝ በማንኪያ ጀርባ ከላይ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አሹት፣ ትንሽ ይሳሳል። ቦርዱ ከተቆለመመ ከባድ መጽሐፍ ጭናችሁ አሳድሩት። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሲተኛ አንዱም ጥጉ መነሳት የለበትም። በመጨረሻ ለስላሳ ብሩሽ ይዛችሁ ሁለቱንም ገጽ ጥረጉ። ትቢያ ላይ የታተመ ቀለም ትቢያው ሲረግፍ አብሮ ይሄድና ነጭ ነጥብ ይተዋል። ፊቱን በእጃችሁ አትንኩ፣ የጣት ቅባት ያለበት ቦታ ቀለም አይይዝም።

በኢንክጄት

ከፕሪንተሩ ኋላ ቢያንስ የቦርዱን ርዝመት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር፤ ቦርዱ ወደ ኋላ ወጥቶ ነው የሚመለሰው። ግድግዳ ከነካ ይዛነፋል። መጀመሪያ ኖዝል ቼክ አድርጉ፣ የሄዱ ቀዳዳዎች አለመደፈናቸውን ለማየት። የሚያትምበትን ጥቁር ቀለም ማት ብላክ አድርጉት። ከፕሪንተሩ ሜኑ የፊት መግቢያውን ለፖስተር ቦርድ ምረጡ፣ የሄዱን ከፍታ ሰፊው ላይ አድርጉ። የወረቀት ዓይነት ሲጠይቅ ዋተርከለር ወይም ማት ፋይን አርት ከሚሉት አንዱን ሞክሩ። ግሎሲ (የሚያብረቀርቅ ወረቀት) ከመረጣችሁ ቀለም ያፈሳል።

አንድ ቦርድ ለሙከራ ሠዉ። እሱ ላይ ያንኑ ስም በ12፣ በ14፣ በ18 እና በ24 ነጥብ፣ አጠገቡ ደግሞ የቀለም ደረጃዎችን አትሙ። ማት ገጽ ላይ ጥቁር ወደ ጥቁር ግራጫ ይቀርባል፣ ጥላ ያለበት የምስሉ ክፍል ተጠራቅሞ ይጠቁራል። ስለዚህ ምስሉን ከተለመደው ፈካ አድርጉት። ፈዘዝ ያለ ምስል፣ ለምሳሌ ከጽሁፉ ጀርባ ደብዘዝ ብሎ የሚታይ የላሊበላ መስቀል ወይም የአደይ አበባ ረድፍ፣ እዚህ ላይ እጅግ ያምራል። ዝርዝር የበዛበት የፊት ፎቶ ግን ማት ላይ አታትሙ፣ እሱ ቦታው የፎቶ ወረቀት ነው።

ከዳር 2 ሴንቲሜትር ያህል ባዶ ተዉ፣ ፕሪንተሩ ወፍራም ቦርድ ላይ እስከ ጫፍ አያትምም። ጥለታችሁ የግድ እስከ ጫፍ የሚሄድ ከሆነ ተለቅ ባለ ቦርድ ላይ አትማችሁ ወደ 30 በ40 ቁረጡት። ሲገባ ቀኝ ጠርዙን መግቢያው ላይ ካለው ማስተካከያ ጋር አስተካክሉ፣ ሲሄድ ግን አትግፉት፣ አትጎትቱት። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ፕሪንተሩን ዩፒኤስ ላይ ሰኩት። መሃል ላይ የቆመ ህትመት ተመልሶ በቦታው አይቀጥልም።

ዩቪ ቤት ስትሄዱ

ፋይሉን በፒዲኤፍ፣ በእውነተኛ መጠኑ፣ ወደ ከርቭ ተቀይሮ ውሰዱ። ጥቁር ወይም ባለ ቀለም ቦርድ ከሆነ ነጩ በየት በየት እንደሚገባ በተለየ ሌየር አድርጉና ለኦፕሬተሩ በቃልም ንገሩት። ባለ ቀለም ምስል ጥቁር ቦርድ ላይ ስሩ ነጭ ካልገባ አይታይም። ሁለት ትርፍ ቦርድና ጥቂት ቁራጭ ያዙ፣ አንዷን ቃል ቁራጩ ላይ አስሞክሩ። «ወንድሜ፣ ቫርኒሽ እንዳትጨምርበት» ማለት አትርሱ፣ ካላላችሁት ሊያብረቀርቅላችሁ ብሎ ይጨምርና የማቱን ውበት ያጠፋዋል። ትናንሽ ፊደላት ካሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያትም ጠይቁ። ይዘገያል፣ ግን ጠርዙ ይጠራል። ከአንድ በላይ ከሆነ ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ በማስኪንግ ቴፕ ሁለት ቁራጭ ካርቶን ኤል ቅርጽ አድርጎ ማሰር ነው፣ ቀጣዩ ቦርድ ሁሉ እዚያው ጥግ ላይ ይገጥማል።

የዩቪ ቀለም ከላይ እንደ ቆዳ ነው የሚቀመጠው። ቦርዱን ካጠፋችሁት ይሰነጠቃል፣ መቁረጫው ካለፈበትም ሊላጥ ይችላል። ስለዚህ ህትመቱ ከመስኮቱ ጠርዝ ጥቂት ሚሊሜትር ይራቅ።

ስክሪን

ቲሸርት የሚያትሙ ልጆች ስክሪን አላቸው፣ ስራውንም ያውቁታል። ልዩነቱ ቀለሙ ነው። ለቲሸርት የሚጠቀሙበት ፕላስቲሶል 160 ዲግሪ ያህል ሙቀት ካላገኘ አይደርቅም። ቦርድ ላይ ለዓመት እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ለወረቀት የሚሆን ውሃ ወለድ ቀለም ይሁን። የስክሪኑ ጨርቅ ለወፍራም ጽሁፍ በሴንቲሜትር 77 ክር፣ ለቀጭን ፊደል ከ90 እስከ 120 ክር ያለው ይሁን። ስክሪኑና ቦርዱ መካከል 3 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይኑር፣ ቀለሙን የሚገፋው ጎማ ካለፈ በኋላ ጨርቁ ራሱ ብድግ ይላል፣ ፊደሉም ጥርት ብሎ ይቀራል። አንድ ጊዜ ብቻ ጎትቱ። ደግሞ መጎተት የኃምስን ቀለበት ይደፍናል። ውሃ ወለድ ቀለም ቶሎ ስክሪኑ ላይ ስለሚደርቅ ቦርዶቹን ሁሉ አሰናድታችሁ፣ ማድረቂያ ቦታውን አመቻችታችሁ ነው መጀመር ያለባችሁ።

መቁረጥ

ከመቁረጣችሁ በፊት ህትመቱ ይድረቅ። ለኢንክጄት አንድ ቀን ሙሉ ስጡት። መስቀሎቹን በቀጭን መርፌ ቀጥ አድርጋችሁ ብሱ፣ ቦርዱን ንጹህ ወረቀት ላይ ገልብጡ፣ አራቱን ነጥቦች በእርሳስ አገናኙ። ከስሩ ቁራጭ ቦርድ አስገቡ፣ ምላጩ እንዲያርፍበት። አዲስ ምላጭ ግጠሙ። የመቁረጫው ሰያፍ ከመስኮቱ ወደ ውጭ እያደላ እንዲገባ አድርጋችሁ ከነጥብ ወደ ነጥብ በአንድ ጉልበት ጎትቱ፣ ጥጉን ጥቂት እለፉት። መሃሉ ራሱ ካልወደቀ አትጎልጉሉት፣ ጥጉን በምላጭ ጫፍ ለቀቅ አድርጉ። ሰያፍ መቁረጫ የሌላችሁ በእጅ በተራ ካተር 45 ዲግሪ አትታገሉ። ፍሬም ቤት ውሰዱና በነጥቦቹ ላይ እንዲቆርጡላችሁ ንገሯቸው፤ በእነሱ መለኪያ ከጠርዝ እንዳይለኩ አጥብቃችሁ ንገሯቸው።

ፍሬም ውስጥ ሲገባ

ዋናውን ህትመት ሳይሆን ከሙከራው ቦርድ ላይ አንዱን ፊደል እርጥብ ጥጥ ይዛችሁ አሹት። ጥጡ ከቀለመ ዳይ ቀለም (ውሃ የሚያሟሟው) ነው ወይም አልያዘም። እርጥበት ባለበት ቤት ይፈሳል፣ ፀሐይም ቶሎ ያደበዝዘዋል። ማት ፊክሳቲቭ (ቀለም የሚያጸና) ስፕሬይ ከሩቅ ስስ ስስ አድርጋችሁ ሁለት ሦስቴ ንፉበት፣ ክፍት ቦታ ላይ ሆናችሁ። ፒግመንት ቀለም (ውሃ የማያሟሟው) ግን ያለዚያም ይቆያል። የዩቪ ህትመት ሽታው እስኪጠፋ ቀናት ይፈልጋል። ቸኩላችሁ መስታወት ከገጠማችሁበት ከቀለሙ የሚወጣው ትነት መስታወቱን ከውስጥ ጉም ያለብሰዋል።

ፎቶውን ማቱ ላይ በማጣበቂያ አታጣብቁት። ላይኛው ጠርዝ ላይ ብቻ ሁለት ቦታ አሲድ በሌለው ወረቀት ቴፕ ይንጠልጠል፣ ሙቀትና እርጥበት ሲለዋወጥ ወረቀቱ ይንቀሳቀስበታል፣ አራቱም ጎኑ ከታሰረ ግን ይሸበሸባል። መስታወቱን ከመግጠማችሁ በፊት በጎን በኩል መብራት አብርታችሁ ማቱን እዩት፣ የተጣበቀች ብናኝ ካለች በብሩሽ ጫፍ አንሷት። ከተዘጋ በኋላ ለአንዲት ብናኝ ብሎ የጀርባውን ሚስማር ሁሉ መንቀል ነው የሚሆነው። ስትሰቅሉት በቀጥታ ፀሐይ የሚያርፍበትን ግድግዳ ተዉት፣ ከተረፈው ቦርድ ጀርባ ላይ ደግሞ የቦርዱን ዓይነት፣ የፎንቱን ስምና መጠን ጽፋችሁ ከፋይሉ ጋር አስቀምጡ። የታላቅ ሰርግ ፍሬም የሰራችሁላት እናት የታናሽየውንም «ልክ እንደዚያኛው» ብላ መምጣቷ አይቀርም።